የሁዳዴ ሦስተኛ ቀን

የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቅበላ ነው። ከጤና ጣቢያችን ወደ ታች በሚወስደው ኮብልስቶን ግራና ቀኝ አረቄ ቤት ነው፤ «የደብረ ብርሃን አረቄ አለ» የሚል የካርቶን ጽሑፍ በየበሩ ተሰቅሏል። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ሥራ ሳልፍ አግዳሚዎቹ ሞልተው ነበር። በዚያ ሰዓት የሚጠጣ ሰው ለጨዋታ የመጣ አይደለም። እጁ እስኪረጋለት አንድ ሁለት መለኪያ ይላል፣ አፉን ጠራርጎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ማርከሻ ይሉታል።

እኔን የሚያሳስበኝ መጪው ሰኞ ነው። ለሁዳዴ ብዙ ሰው መጠጥ ያቆማል፤ አንዱ ለንስሐ አባቱ ቃል ገብቶ፣ ሌላው በእናቱ ፊት ምሎ። ለአብዛኛው ችግር የለውም፤ አንድ ሁለት ቀን ራሱን ያመዋል፣ ያልፋል። ጠዋት ጠዋት ማርከሻ ካልቀመሰ ኩባያ መያዝ የሚያቅተው ሰው ግን በአንድ ሌሊት ሲያቆም ለሞት የሚያበቃ አደጋ ውስጥ ይገባል። ይህን በየዓመቱ በጾሙ መግቢያ አየዋለሁ። ሰፈሩ ግን አያውቀውም፤ ቤተሰብም አያውቀውም። ጠጪው ሲምል እልል ይባላል፣ ከዚያ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ይተኛል።

ከሰዓት በኋላ መድኃኒት ክፍል ወርጄ ማረጋጊያው ዲያዜፓምና ቫይታሚን ቢ1 መኖራቸውን አየሁ። ዲያዜፓሙ አለ። ቢ1 ክኒን ጥቂት ነው የቀረው።

የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ረቡዕ፣ የጾሙ ሦስተኛ ቀን። ገና ካርድ ክፍል ሳይከፈት አንድ ግንበኛ በወንድሙና በጎረቤቱ ተደግፎ መጣ። ዕድሜው አርባ ቢሆን ነው። ባለቤቱ ከኋላ ነጠላዋን በአፏ ይዛ ትከተላለች።

እሑድ ማታ እስከ አራት ሰዓት ጠጣ። ሰኞ አልቀመሰም። በዚያው ጠዋት እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ላብ አጠመቀው፣ እህል አልወስድ አለው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ወደቀ። አረፋ ደፈቀ፣ ምላሱን ነከሰ። ጎረቤት ተሰብስቦ ክብሪት እየጫረ አስሸተተው። የሚጥል በሽታ ነው ተባለ። ሌሊት ደግሞ ግድግዳው ላይ ጉንዳን ይሄዳል እያለ በእጁ ሲጠርግ አደረ።

«በሕይወቱ ወድቆ አያውቅም፣ ሲስተር» አለች ባለቤቱ። «ሲጠጣ አስራ አምስት ዓመት ምንም ሳይሆን፣ እግዚአብሔርን ብሎ ባቆመ በማግስቱ እንዴት እንዲህ ይሆናል?»

ያሳደረችው ጥያቄ ይህ ነበር። ስእለቱ ተቀባይነት ያጣ መስሏታል፤ የተቆጣባቸው አንዳች ነገር ያለ መስሏታል። መድኃኒቱ እስኪዘጋጅ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። አልኮል አእምሮን ያፈዝዛል። ለዓመታት በየቀኑ ሲፈስበት አእምሮ ደግሞ ላለመፍዘዝ በተቃራኒው ይገፋል። ሁለት ሰዎች አንድ በር ከውስጥና ከውጭ እየገፉ ሳለ አንዱ በድንገት ቢለቅ ሌላው በግንባሩ ይደፋል፤ የእሱም እንዲሁ ነው። መንቀጥቀጡና ላቡ ካቆመ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፣ መውደቁ እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ይመጣል፣ የሌለ ነገር ማየቱና መቃዠቱ አብዛኛውን ጊዜ በ2ኛውና በ4ኛው ቀን መካከል ነው። ማንም አልተቆጣበትም፤ ጭንቅላቱ ነው ሚዛኑን የሳተው። ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።

ወንድሙ «ግሉኮስ ይሰቀልለት» ብሎ ቆመ። ቤተሰብ ሁሉ የሚለው ነው፤ ደክሟል፣ አልበላም፣ ስኳር ያበረታዋል ብሎ ያስባል። ለዓመታት እህልን በመጠጥ የተካ ሰው ግን ሰውነቱ ውስጥ ቢ1 የለውም ማለት ይቻላል። ስኳሩ ሲገባ የቀረችውን ያችኑ ጭልፋ ይጨርሳታል፤ ያኔ አእምሮው ይጎዳል፣ ዓይኑ ይንሻፈፋል፣ አረማመዱ ይዛባል፣ ከባሰም የትናንቱን እንዳያስታውስ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ቢ1 ይቀድማል። ጤና መኮንኑ መርፌውን አዘዘ፣ ዲያዜፓም ተሰጠው፣ የልብ ምቱ ከ120 ወደ 100 ሲወርድ አምቡላንስ ተጠርቶ ወደ ሆስፒታል ላክነው። ለወንድሙ የተናገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ብቻውን እንዳይተዉት።

የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሆስፒታል ደወልኩ። ይቃዣል፣ ግን ትኩሳት የለውም። ሕክምና ባልነበረበት ዘመን እንዲህ ባለው ሁኔታ ከ3 ሰው 1 ያህል ይሞት ነበር። ዛሬ በጊዜ ከተደረሰበት ከ100 ሰው 5 እንኳ አይሞቱም። ልዩነቱን የሚያመጣው ውድ መሣሪያ አይደለም፤ ርካሽ ክኒን፣ ፈሳሽ፣ አልጋና የሚጠብቅ ሰው ነው። ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል።

የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ከሥራ ሰዓት በኋላ ወደ ጸበሉ ወጣሁ። ከሰፈራችን ሰው ለማቆም ሲወስን ከእኛ ይልቅ ወደዚያ ነው የሚሄደው፤ እዚያ ያለው ካልተሰማ እኛ ቁጭ ብለን የምንጠብቀው ግማሹን ብቻ ነው። አጥማቂውን አባ አገኘኋቸው። ተቀምጠው በርጋታ አዳመጡኝ።

በዚህ ጾም መግቢያ ሁለት ሰዎች እየተንቀጠቀጡ መጥተውባቸዋል። አንዱ ጸበሉ ላይ ወድቋል። «ሰው ሁሉ ለቀቀው፣ ጮኸ አለ» አሉኝ፤ «እኔ ግን ፊቱ አላማረኝም፤ ውኃ አጠጥተን አስተኛነው።» እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ፣ በብርድ ተጠምቆ፣ ከመጠጥ በወጣ በሁለተኛ ቀኑ። በሕይወት ተርፏል፣ አሁን ደህና ነው።

ጸበሉን ተዉ ልላቸው አልሄድኩም፣ አላምንበትምም። እኛ ጤና ጣቢያ ውስጥ የሌለን ብዙ ነገር እዚያ አለ። ሰውየው ከጠጪ ጓደኞቹ ይርቃል፣ የሚነሳበትና የሚተኛበት ሰዓት ይኖረዋል፣ እንደሱ ያለ ሌላ ሰው አጠገቡ ይተኛል፣ ማንም በትዝብት አያየውም። መጠጥ ካቆሙ በኋላ ለሚመጡት ወራት ከዚህ የተሻለ ማረፊያ ለድሃ ሰው አላውቅም። የምለምነው የመጀመሪያዎቹን አምስት ቀናት ነው። እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያልበው፣ ከዚህ በፊት ሲያቆም ወድቆ የሚያውቅ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ወደ እኛ ይላኩልኝ፤ ሲረጋጋ ራሴ ወደ እርስዎ እመልሰዋለሁ አልኳቸው።

አባ ጥቂት ዝም ብለው «ክኒኑን ይዞ መጠመቅ ይችላል?» አሉኝ። ይችላል፤ ክኒኑን በጸበሉ ይዋጠው አልኳቸው። ሳቁና ተስማሙ።

መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ለሌላ ሕመም የሚመጣውን ሁሉ ስለ መጠጥ መጠየቅ ከጀመርን ቆይቷል። የምንጠቀመው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣውን የ10 ጥያቄ መጠይቅ ነው። ከ40 ይታረማል፤ 8 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው አጠጣጡ እየጎዳው ወይም ሊጎዳው ነው ማለት ነው። ጥያቄዎቹ ጥሩ ናቸው፣ «በአንድ ቀን ስንት መጠጥ ትጠጣለህ?» የሚለው ላይ ግን ሁልጊዜ እንቆማለን። «እንደ ጋባዡ ነው» ይላሉ። ጠላ በጣሳ ነው፣ ጠጅ በብርሌ ነው፣ አረቄ በመለኪያ ነው፣ የአንዷ ጠላ ከሌላዋ ይከብዳል። እኔ የምጠይቀው በገንዘብና በሰዓት ሆኗል፦ የስንት ብር? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት? ማን ይከፍላል? ከዚያ እቀምራለሁ። ዳግም አረቄ አልኮሉ ከ40 በመቶ ያልፋል፤ አንድ መለኪያው ከአንድ ጠርሙስ ቢራ እምብዛም አይተናነስም። «እኔ እኮ ቢራ እንኳ አልጠጣም፣ ትንሽ አረቄ ብቻ» የሚለኝ ሰው ይህን ስነግረው ከልቡ ይደነግጣል።

ጉራጌ ውስጥ በሶዶ ወረዳ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በዚሁ መጠይቅ ከ4 ወንዶች 1 ያህሉ አጠጣጣቸው ችግር ሆኖ አግኝቷል። ከሴቶቹ ከ100 ከ2 እስከ 3። የከበደኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው፦ ክፉኛ ከተጎዱት መካከል ከ10 ከ8 በላይ የሚሆኑት በሕይወታቸው አንድም ቀን እርዳታ ጠይቀው አያውቁም። ስለማይፈልጉ አይደለም። ያፍራሉ። ሕመም መሆኑንም የነገራቸው የለም። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው በልቅሶ ቤት «ስኳር አለብኝ» ብሎ ለስላሳ ይመልሳል፣ ሰው ይረዳዋል። «መጠጥ አይስማማኝም፣ ታምሜበት ነበር» የሚል ሰው ግን ጠርሙሱ አጠገቡ እየተቀመጠ ሲለመን ነው የሚያመሸው።

መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

አንዲት እናት በሩን ከኋላቸው ዘግተው ገቡ። «ልጄ፣ ጣዕም የሌለው ክኒን አለ አሉ። ሳያውቅ በሽሮው ላድርግለት።» የሚሉት ስለ ባላቸው ነው። በተደጋጋሚ የሚጠየቅ ነገር ነው፤ ምን ያህል ቢጨንቃቸው ነው ብዬ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል።

መድኃኒቱ አለ፣ ዳይሰልፊራም ይባላል። ታሪኩ ደስ ይለኛል፦ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ኮፐንሃገን ውስጥ ኤሪክ ያኮብሰንና ዬንስ ሃልድ የተባሉ ተመራማሪዎች ለአንጀት ትል ይሆን ብለው ሲመረምሩት ራሳቸው ዋጡት፤ ከዚያ መጠጥ ሲቀምሱ ፊታቸው ቀላ፣ ልባቸው መታ፣ አመማቸው። እኛ ለኮሶ ትል ኮሶ እንደምንጠጣ እነሱም የትል መድኃኒት ፍለጋ ገብተው የመጠጥ መድኃኒት ይዘው ወጡ። የሚሠራው ግን አውቆ ለሚወስደው ሰው ነው። ሳያውቅ የዋጠ ሰው ማታ አረቄ ቢደግምበት ደም ግፊቱ ወርዶ፣ ልቡ ተዛብቶ ሊሞት ይችላል። ይህን ስነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ይዘውት እንዲመጡ፣ እሱ እንቢ ካለም እሳቸው ብቻቸውን እንዲመጡ ተነጋገርን። አስታማሚም መታከም አለበት፤ እንቅልፍ ካጡ ስንት ዓመታቸው ነው።

ሌሎች ሁለት መድኃኒቶች አሉ። ናልትሬክሶን መጠጡ የሚሰጠውን ደስታ ይቀንሳል፤ አካምፕሮሴት ካቆሙ በኋላ የሚመጣውን የውስጥ መቁነጥነጥ ያረጋጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱንም እ.ኤ.አ. በ2023 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። ለደም ግፊትና ለስኳር የሚሰጡት መድኃኒቶች ከሚገኙበት ዝርዝር ማለት ነው። የእኛ መደርደሪያ ላይ ገና አልደረሱም። እንዲደርሱ የሚጠይቅ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ታካሚዎቹ ራሳቸው በሀፍረት ዝም ስላሉ እኛ መጮህ ያለብን ይመስለኛል።

መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለደም ግፊት ክትትል የሚመጡ አንዲት አረቄ አውጪ አሉ፤ እትዬ ነው የምላቸው። ግፊታቸው በመድኃኒት አልወርድ ብሎ ከርሟል። ዛሬ ጥያቄዎቹን በእርጋታ ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ «እኔ ጠጪ ነኝ እንዴ!» አሉ። ቆይተው «የምሸጠውን ካልቀመስኩ በምን አውቃለሁ» አሉ። ከእያንዳንዱ ማውጣት ይቀምሳሉ፤ ከደንበኛ ጋር አንድ ይላሉ፤ ማታ እግራቸውን ሲቆረጥማቸው አንድ ይላሉ። ሲደመር የጎልማሳ ጠጪ ያህል ነው። አልኮል ደግሞ ግፊትን ከፍ ያደርጋል።

ሴት ስትጠጣ ሰፈር የሚምራት ነገር የለም። ስለዚህ ትደብቃለች፣ በሌላ ሕመም ስም ትመጣለች። እትዬ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሦስት ልጆች ያሳደጉት በዚያ ጋን ነው፤ አንዷ ኮሌጅ ጨርሳለች። አርሲ ነገሌ ሄዶ የሚያይ ሰው በአረቄ ሥራ የሚተዳደሩ ሴቶች ምን ያህል እንደሆኑ ያውቃል። ሥራውን ተዉት የምላቸው ምን በእጃቸው ሰጥቼ ነው? በአረቄ አውጪዎቹ ላይ ጣት መቀሰር ለእኔ ፍትሕ አይመስለኝም። የተስማማነው በመቅመስ ፈንታ እሳት ለኩሰው በነበልባሉ እንዲለዩት ነው፤ ራሳቸው ናቸው ያመጡት ሐሳብ። ለቁርጥማታቸው ደግሞ ሐኪም ያያቸዋል።

ሚያዝያ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

የወር ሪፖርት ቀን። ያለፈውን ወር የተመላላሽ መዝገብ ስናገላብጥ መጠጥ በስሙ የተጻፈው በጣት ለሚቆጠር ሰው ነው። ከጀርባ ሆኖ ያመጣቸው ግን ሞልተዋል፦ ከስካፎልድ የወደቀ፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱን ያቋረጠ፣ ጉበቱ የደከመ፣ በባሏ የተደበደበች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት በ2019 ዓለም ላይ 2.6 ሚሊዮን ሰው በአልኮል ምክንያት ሞቷል ይላል፤ 2 ሚሊዮኑ ወንዶች ናቸው። ከሟቾቹ 700 ሺህ ያህሉ በአደጋና በጉዳት ነው። ጉበት ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ፣ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው እንዳይሸጥ ከለከለ። የመጀመሪያው ተፈጽሟል፤ ልጆቼ ያለ ቢራ ዘፈን ኳስ ማየታቸው ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛው በእኛ ኮብልስቶን ላይ አልደረሰም። የትምህርት ቤት ሹራብ ለብሶ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ልጅ አያለሁ። አረቄ ቤት መታወቂያ የሚጠይቅ የለም፤ ግን በሩ ላይ የሚያልፍ አዋቂ ሁሉ ልጁን ያያል።

ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፋሲካ አለፈ። ግንበኛው ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ በየሳምንቱ ይመጣል። ከበዓሉ በፊት ባለው ሐሙስ ከባለቤቱ ጋር ሦስታችን ቁጭ ብለን ነበር፦ እሑድ የት ይውላል? ማን ይመጣል? «ምነው፣ ለበዓሉ እንኳ?» ብሎ የሚይዘውን ሰው ምን ይለዋል? የሚለውን መልስ እንኳ ተለማመድነው፦ «ሐኪም ከልክሎኛል፣ መድኃኒት ላይ ነኝ።» ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሰው መግደፊያው ላይ ማንም አይደርስለትም፤ የሚያፈቅሩት ሁሉ እየገፉ ያጠጡታል።

ዛሬ ጠዋት ሳይጠራ መጣ። ባለቤቱ አልተከተለችውም። እሑድን እንደታቀደው በወንድሙ ቤት ዋለ። ትናንት ግን ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ተገናኝቶ ሦስት ቢራ ጠጣ። «ሁሉንም ነገር ከመጀመሪያው አበላሸሁት፣ ሲስተር» ብሎ አንገቱን ደፋ።

አላበላሸም። ቀድሞ ቢሆን ሦስተኛው ቢራ ለአረቄው በር ይከፍት ነበር፣ ለሳምንትም ቤት አይገባም ነበር። አሁን ሦስተኛው ላይ አቁሞ፣ ተኝቶ አድሮ፣ በእግሩ እኔ ጋ መጣ። እጁን ዘርጋ አልኩት፤ ረግቷል። ላብ የለም። ከማን ጋር፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ርቦት ነበር ወይ፣ ደመወዝ ተቀብሎ ነበር ወይ እያልኩ ሰኞን አንድ በአንድ አብረን አየነው። ደመወዝ ተቀብሎ ነበር። ከእንግዲህ የደመወዝ ቀን ባለቤቱ ሥራ ቦታው ድረስ ሄዳ ትወስደዋለች፤ ሐሳቡን ያመጣው እሱ ነው፣ ለእሷ ሊነግራት ግን ፈርቷል። ከሰዓት በኋላ ደውዬላት መጣች፣ አብረው ተነጋገሩ።

ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከአባ ዘንድ ከበዓሉ በኋላ ሁለት ሰዎች ተልከውልናል። ሁለቱም ላባቸው እየወረደ፣ ግን ሳይወድቁ። አንዱን እዚሁ በየቀኑ እያየን አምስት ቀን አሳለፍነው፣ እህቱ ቀንና ሌሊት አብራው ነበረች፤ ወደ ጸበሉ ተመልሷል። ሌላው ቀድሞ ወድቆ ስለሚያውቅ ወደ ሆስፒታል ላክነው።

ዛሬ በሠራተኛ ስብሰባ ላይ ሁለት ነገር አቀረብኩ። አንደኛ፣ በድንገተኛ ክፍል ውስጥ «መጠጥ ላለበት ሰው ግሉኮስ ከመስቀል በፊት ቢ1» የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ ይለጠፍ፤ ማታ የሚገባው ተረኛ አዲስ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ የሁዳዴው ነገር በፍልሰታም ይመጣል፤ ነሐሴ 1 ላይ ብዙ ሰው ይምላል። ስለዚህ የቢ1 ጥያቄ አሁኑኑ ይላክ፣ ከሐምሌ መጨረሻ በፊት መደርደሪያ ላይ ይሁን። ኃላፊዋ ቅጹን እዚያው ፈረመችልኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ደግሞ በቤት ለቤት ጉብኝታቸው አንዲት ጥያቄ ሊጨምሩ ተስማሙ፦ በዚህ ቤት ጠዋት ሳይቀምስ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው አለ ወይ? ካለ፣ ለጾሙ ሊያቆም ሲያስብ አስቀድሞ እኛ ጋ ብቅ ይበል። ከነገ ወዲያ ከእነሱ ጋር ወጥቼ ከኮብልስቶኑ ግርጌ እንጀምራለን።